የእንግዳው ስልክ በጎንደርና በሰሜን ተራሮች፦ የሞባይል ኢንተርኔት ማግኛ መንገዶችና ገደቦቻቸው

መነሻ

ከባሕር ማዶ የመጣ ተጓዥ በአዘዞ ከሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ስልኩን ሲከፍት፣ እርሱ የማያየው የማንነት ምርመራ ይጀመራል። ስልኩ በአቅራቢያው ላለው የኔትወርክ ማማ በሲሙ ላይ የታተመውን ዓለም አቀፍ የተመዝጋቢ መለያ ቁጥር ያሳውቃል። የዚህ ቁጥር የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች አገርን ያመለክታሉ፤ 636 ኢትዮጵያ፣ 425 እስራኤል፣ 262 ጀርመን፣ 310 አሜሪካ ነው። ማማው ቁጥሩን እንደተቀበለ «ይህን እንግዳ ታውቁታላችሁ? ሒሳቡንስ ትከፍሉለታላችሁ?» የሚል ጥያቄ ወደ እንግዳው አገር ኩባንያ ይልካል። መልሱ አዎንታዊ ከሆነ ስልኩ ይሠራል። አሉታዊ ከሆነ ወይም በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ስምምነት ከሌለ፣ በስክሪኑ ላይ የሞገዱ ምልክት ሙሉ ሆኖ እየታየ ኢንተርኔት አይኖርም።

ስለ ተጓዦች የኢንተርኔት ችግር ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው የሞገድ ድካም ነው። ጎንደር ከተማ ላይ ግን ዋናው ጉዳይ ሞገድ አይደለም። ከተማይቱ በማማ አልተቸገረችም፤ እንግዳውን የሚይዙት ማንነትን የማረጋገጥ፣ ክፍያን የመፈጸምና የመሣሪያ ተስማሚነት ጉዳዮች ናቸው። ከከተማይቱ ወጥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሳንቃበርና ወደ ግጭ ሲዘለቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ገዢው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከሁለቱም በላይ የሚቆም ሦስተኛ ምክንያት ደግሞ አለ፤ እርሱም አገልግሎቱ ሆን ተብሎ የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን በየተራ ይመለከታል፤ ትኩረቱም በይበልጥ በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጣው ከአገር ርቆ የኖረ የከተማይቱ ተወላጅ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሊያይ የሚመጣው የውጭ ጎብኚ፣ በመተማ በኩል ከሱዳን ሸሽቶ የሚገባው ስደተኛ፣ ሁሉም በስልካቸው ላይ የተንጠለጠለ ነገር አለ፦ የባንክ ገንዘብ፣ የበረራ ትኬት፣ «ደርሻለሁ» የሚል መልእክት የሚጠብቅ ቤተሰብ።

በራስ ሲም መምጣት

የመጀመሪያው መንገድ ሮሚንግ ነው፤ ይኸውም የአገር ቤትን ሲም ሳይለውጡ በእንግዳ ኔትወርክ መጠቀም ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ የማያውቀው ነገር ቢኖር በሮሚንግ የሚላከው ዳታ እዚያው ባለበት አገር ወደ ኢንተርኔት አለመግባቱ ነው። በተለመደው አሠራር ዳታው ተጠቅልሎ ወደ እንግዳው አገር ኩባንያ ይሄዳል፤ ወደ ኢንተርኔት የሚገባውም ከዚያ ነው። የአሜሪካ ሲም የያዘ ሰው ፒያሳ ተቀምጦ አዲስ አበባ የሚገኝ ድረ ገጽ ቢከፍት፣ ጥያቄው ከጎንደር ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው ጎዳና ይመለሳል። በኢትዮጵያና በምሥራቅ አሜሪካ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አራት ጊዜ የሚመላለሰው 46,000 ኪሎ ሜትር ብቻውን ከ0.2 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ የኬብሉ ጠመዝማዛነትና የመሣሪያዎቹ ጥበቃ ሳይጨመርበት ማለት ነው። «ኔትወርኩ ዘገምተኛ ነው» የሚለው የእንግዳ ስሞታ አንዳንድ ጊዜ የጎንደርን ማማ ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል።

ሌላው የሮሚንግ ጠባይ ዋጋው ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመካከላቸው የሮሚንግ ተጨማሪ ክፍያን አስቀርተዋል። በምሥራቅ አፍሪካም ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጥሪ ዋጋን ለማውረድ የጋራ የኔትወርክ ቀጠና መሥርተዋል። ኢትዮጵያ በሁለቱም ማዕቀፎች ውስጥ አይደለችም፤ ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው የሚከፍለውን የሚወስነው የሁለት ኩባንያዎች ውል ነው። ከአንድ ከተማ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች የተለያየ ኩባንያ ሲም ይዘው ቢመጡ፣ አንዱ ርካሽ የቀን ጥቅል ሲያገኝ ሌላው በሜጋ ባይት የሚቆጠር ዕዳ ሊጠብቀው ይችላል።

እንዲያም ሆኖ የአገር ቤትን ሲም አውጥቶ መጣል ስሕተት ነው። ብዙ የውጭ ባንኮች ገንዘብ ከማንቀሳቀስ በፊት የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት የሚልኩት ለተመዘገበው ስልክ ብቻ ነው። በቦሌ ሲሙን ቀይሮ የመጣ እንግዳ በጎንደር የሆቴል ሒሳብ በካርድ ሊከፍል ሲሞክር የማረጋገጫው ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ለተቀመጠ ሲም ይላካል። ሁለት ሲም በሚቀበል ስልክ የአገር ቤቱን ሲም ዳታው ተዘግቶ ለመልእክት ብቻ ማቆየት ይህን ችግር ያስቀራል።

የአገር ሲም ማውጣት

በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል የአገሪቱ ሲም የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ሲም ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢትዮ ቴሌኮም የሚለውን ስም የያዘውም እርሱ ነው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከፈተ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻም አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። ጎንደር አዲሱ ኔትወርክ ቀድሞ ከደረሰባቸው ከተሞች መካከል ናት። ስለዚህ ዛሬ ጎንደር የሚገባ እንግዳ በ09 እና በ07 በሚጀምሩ ቁጥሮች መካከል ምርጫ አለው። በከተማው ውስጥ የምርጫው መለኪያ ዋጋና ፍጥነት ሊሆን ይችላል። ከከተማው ለሚወጣ ግን ማማዎቹን ለረጅም ዓመታት በገጠሩ ሲተክል የኖረው ነባሩ ድርጅት የሽፋን ብልጫ አለው፤ በአንድ ሲም ብቻ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጀዋል።

ሲም ለማውጣት ምዝገባ ግዴታ ነው፤ የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ያቀርባል። ለጎብኚ ይህ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። ሰነዱን ጥሎ ለሸሸ ሰው ግን በር የሚዘጋ ሁኔታ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ በኩል የገቡት ሰዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት ነገር ከኋላ የቀረውን ዘመድ ድምፅ መስማት ነበር፤ በገዛ ስም ሲም ለማውጣት ግን የሚታወቅ መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያው እስኪሰጥ ድረስ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም መጠቀም የሚፈጠረው ከዚህ ክፍተት ነው። በሌላ ሰው ስም የተያዘ ቁጥር ደግሞ ባለስሙ በፈለገ ጊዜ የሚዘጋ፣ የገንዘብ ሒሳብ ሊከፈትበት የማይችል ደካማ ንብረት ነው።

ከሲሙ በተጨማሪ መሣሪያው ራሱ የሚመረመርበት ዘመን ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ቀፎዎችን መለያ ቁጥር የሚመዘግብ ሥርዓት ተግባራዊ በማድረጉ፣ ከውጭ የመጣ ያልተመዘገበ ስልክ የአገር ሲም ሲገባበት አልሠራ የሚልበት አጋጣሚ ነበር። ዓላማው የኮንትሮባንድ ቀፎዎችን መግታት ነበር፤ በየመንደሩ ለዘመድ ስልክ ይዞ የሚመጣውን ዲያስፖራ ግን ሳያስበው ነካው። ዛሬ የመሣሪያው ችግር ሌላ መልክ ይዟል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ የሚቀበሉት በሶፍትዌር የሚጫነውን ኢሲም ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ልጅ በጎንደር ገበያ ሲም ገዝቶ «የት ልክተተው?» ብሎ ቢጠይቅ ቀልድ አይደለም። ኢሲም ለመጫን ደግሞ አስቀድሞ ኢንተርኔት ማግኘት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት የሚጠይቅ ሥርዓት በመሆኑ፣ ዝግጅቱ ከመነሻ አገር ወይም ቢያንስ በአዲስ አበባ ዋይፋይ ባለበት ቦታ መጠናቀቅ አለበት። በድረ ገጽ ለተጓዦች የሚሸጡት ዓለም አቀፍ ኢሲሞችም በአሠራራቸው ሮሚንግ ናቸው፤ ከላይ የተገለጸው የረጅም መንገድ ጠባይ በእነርሱም ላይ ይታያል። አብዛኞቹ ለዳታ ብቻ የሚሠሩ ስለሆኑ የአገር ስልክ ቁጥር አይሰጡም፤ ቁጥር የሌለው ሰው ደግሞ ቴሌብር ሊከፍት፣ የባጃጅ ሹፌርም መልሶ ሊደውልለት አይችልም።

ከደባርቅ በላይ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ከተማ በመሆኗ ስካውትና አስጎብኚ፣ በቅሎና ስንቅ የሚዘጋጀው በዚያ ነው። ለብዙ ተጓዥ አስተማማኝ ኢንተርኔት የሚያበቃውም በዚያው ነው።

ከደባርቅ በላይ የሚያጋጥመውን ለመረዳት ሁለት የሬዲዮ ሕጎችን ማስታወስ ይበቃል። የመጀመሪያው ስለ ድግግሞሽ ነው፦ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጉዞው ይደክማል። በ2100 ሜጋ ኸርዝ የሚላክ ሞገድ በ900 ሜጋ ኸርዝ ከሚላከው ጋር በእኩል ርቀት ሲነጻጸር በነጻ አየር ላይ ብቻ 7 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ይህም የኃይሉ አምስት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። የጥሪ አገልግሎት በሚተላለፍበት በነባሩ የሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ቀፎ እስከ 2 ዋት ድረስ አሰምቶ ሊጮኽ ይፈቀድለታል፤ በአራተኛው ትውልድ የሚሠራ ዘመናዊ ስልክ ግን ከ0.2 ዋት አይበልጥም። የእንግዳው ውድ ስልክ ጸጥ ባለበት ቦታ የስካውቱ ተራ ስልክ የሚጠራበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ተአምር የለበትም። ዘመናዊ ስልክ የያዘ ሰውም ቅንብሩን ወደ ሁለተኛው ትውልድ ብቻ ቢመልሰው ኢንተርኔት ባያገኝ እንኳ ጥሪና አጭር መልእክት የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል።

ሁለተኛው ሕግ ስለ ዕይታ ነው። የሰሜን ተራሮች ገደል በአንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከዚህ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው በስሌት ደረጃ የአድማሱ ርቀት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቆላው ያሉ ከተሞች ማማዎች ከእግሩ ሥር ተዘርግተዋል ማለት ይቻላል። በእመት ጎጎ ጫፍ፣ በ3,926 ሜትር ላይ ቆመው ስልካቸውን ሲከፍቱ የሞገድ ምልክት አይተው የሚደሰቱ፣ ወዲያው ደግሞ «ለምን አይሠራም?» የሚሉ ተጓዦች ግራ መጋባት መነሻው ይህ ነው። ሞገዱ ደርሷል፤ ኔትወርኩ ግን ያን ያህል ርቆ የሚመጣን መልስ ለመቀበል አልተሠራም። በሁለተኛው ትውልድ ሥርዓት ማማው የሚጠብቀው የጊዜ ልክ 35 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል፤ በአራተኛው ትውልድ የተለመደው ቅንብር ከዚህ በታች፣ ወደ 14.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ የማማዎቹ አንቴናዎች ወደ ሰፈሩ፣ ወደ ታች ያዘነበሉ ናቸው፤ የተተከሉት ለገደል ጫፍ ሳይሆን ለነዋሪው ነውና። ከብዙ ማማዎች በእኩል ድካም የሚመጡ ሞገዶች በአንድ ስልክ ላይ ሲገናኙ ደግሞ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ከፍ ማለት ሁልጊዜ ይረዳል የሚለው የተለመደ ምክር በሰሜን ተራሮች ላይ ግማሽ እውነት ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ግማሽ ከገደሉ ጀርባ ነው። ከጨነቅ ተነሥቶ የቧሂትን መተላለፊያ አልፎ ወደ ራስ ደጀን የሚያቀና ተጓዥ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ መውረድ አለበት። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ግራና ቀኙ ድንጋይ ነው፤ ለሞገድም ለፀሐይም ዘግይቶ የሚከፈት ቦታ ነው። 4,533 ሜትር ከፍታ ወዳለው የአገሪቱ ጣሪያ የሚወስደው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ዝም የሚለው ከሥሩ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አደጋ ቢደርስ፣ እግር ቢወለም ወይም የከፍታ ሕመም ቢነሣ፣ ጥሪ የሚደረገው ተጎጂው ካለበት ስፍራ አይደለም፤ አንድ ሰው ወደ ጠርዙ ወጥቶ ነው። ስለዚህ ከቡድኑ መካከል ፈጥኖ የሚወጣው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ስልክ በየትኛው ሲም እንደሚሠራ፣ የሚደወልለት ሰው ቁጥርም በወረቀት ጭምር እንዲያዝ ከደባርቅ ሳይነሡ መስማማት ያስፈልጋል። የአገሩ ስካውቶችና በቅሎ ነጂዎች የትኛው ዐለት ጥግ «ኔትወርክ እንዳለው» በቃል ያውቁታል፤ ከማንኛውም የኩባንያ የሽፋን ካርታ ይልቅ ይህ የቃል ካርታ ይታመናል።

የባትሪ ጉዳይ ከዚህ የተያያዘ ነው። ማማ የራቀው ስልክ ፍለጋውን አያቆምም፤ በየጊዜው በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ ባትሪውን ይበላል። የሌሊቱ ብርድ ደግሞ የሊቲየም ባትሪን አቅም ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ በበረራ ሁነታ አቆይቶ በታወቀው ዐለት ጥግ ብቻ መክፈት፣ ሌሊት ከብርድ ልብሱ ውስጥ ይዞ ማደር፣ ካርታውን አስቀድሞ ጎንደር ላይ አውርዶ መያዝ፤ እነዚህ ሦስት ቀላል ልማዶች ከማንኛውም ጥቅል ግዢ በላይ ይጠቅማሉ።

የሳተላይት ስልክ ይዤ ብመጣስ የሚል ጥያቄ በውጭ ተራራ ወጪዎች ዘንድ መነሣቱ አይቀርም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባትንም ሆነ መጠቀምን በከባድ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። በሌላ አገር ለሕይወት መድኅን ተብሎ በቦርሳ የሚያዝ መሣሪያ በጉምሩክ ሊያዝ፣ ባለቤቱም ለጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። የአዋጁ ዓላማ ከተራራ ነፍስ አድን ጋር የተገናኘ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን ከማማ ጥላ በታች ያለውን ሸለቆ ይነካል። ፓርኩ ራሱ በፈቃድ የሚይዛቸው የድንገተኛ ጥሪ መሣሪያዎች በየካምፑ እንዲኖሩ ማድረግ በሕጉ ማዕቀፍ ውስጥ ሊታሰብ የሚችል መፍትሔ ነው።

የሚዘጋበት ጊዜ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ኔትወርኩ ክፍት ነው ከሚል ግምት ይነሣል። በኢትዮጵያ ይህ ግምት ሁልጊዜ አይጸናም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጎንደርን ጨምሮ በተቀሰቀሰው የተቃውሞ ጊዜና በ2009 መጀመሪያ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሞባይል ዳታ ተዘግቷል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከተፈጸሙት ግድያዎች በኋላ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻም ከሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋርጧል። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን የጠፋው የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ ለረጅም ወራት አልተመለሰም፤ አዋጁም በጥር 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዝሟል። በዚያው ጥር የጎንደር ጥምቀት የተከበረው በእጅ ስልክ ቀጥታ ሥርጭት በማይታይበት ሁኔታ ነበር። ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረውን በዓል፣ ከሁለት ዓመት በፊት በጥር 2014 ዓ.ም. «ወደ አገር ቤት» ከተባለው ጥሪ በኋላ በርካታ ዲያስፖራ ከቀረጸው ጊዜ ጋር ሲያነጻጽሩት ልዩነቱ ይታወቃል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የውጭ ሲም የያዘ እንግዳ «የእኔ ከውጭ ስለሆነ ይሠራል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። መልሱ የሚወሰነው መዝጊያው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተደረገ ነው። መዝጊያው አገሪቱ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር በምትገናኝበት በር ላይ ብቻ ቢሆን፣ የሮሚንግ ዳታ በሌላ የግንኙነት መስመር ተጠቅልሎ ወደ ባለቤቱ አገር ስለሚሄድ በንድፈ ሐሳብ ሊያልፍ ይችላል። መዝጊያው በማማው ወይም ዳታን በሚያስተናግደው የኩባንያው ማዕከል ላይ ከሆነ ግን ሲሙ የየትም አገር ቢሆን ልዩነት የለውም፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚደረግ መቋረጥ በባሕርዩ ወደዚህ ያዘነብላል፤ ክልልን ከክልል የሚለየው ማማው ነውና። በጋዛ ጦርነት ጊዜ ከውጭ የተላኩ ኢሲሞች ሰዎችን ማገናኘት የቻሉት በድንበር ማዶ ያሉ የሌላ አገር ማማዎች ሞገድ ይደርሳቸው ስለነበር ነው። ጎንደር ከተማ ግን ከድንበር ሩቅ ናት፤ ያ መፍትሔ ለእርሷ አይሠራም።

የሚሠራው ሌላ ነው። የድምፅ ጥሪና አጭር መልእክት ከዳታ በተለየ መስመር ይሄዳሉ፤ ዳታ ሲዘጋ እነርሱ ሊቀሩ ይችላሉ። በአጭር ኮድ የሚከፈቱ የባንክና የቴሌብር አገልግሎቶችም ዳታ አያስፈልጋቸውም። በዚህ ጊዜ ጥቅም ያለው የአገር ቁጥር ነው እንጂ የዳታ ኢሲም አይደለም፤ ርካሹን መርጦ ኢሲም ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ከሁሉ በፊት ይቆረጣል። በቋሚ መስመር የሚሠራ የሆቴል ወይም የተቋም ዋይፋይም ከሞባይሉ ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው ከመነሣት በፊት ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ ውል ነው። ኢንተርኔት በተዘጋበት ሰሞን ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ሆኖ በዋትስአፕ መልእክት የሚጠብቅ እናት ወይም ወንድም ዝምታውን ሁሉ በክፉ ይተረጉመዋል። «ከቴሌግራም ካጣችሁኝ በዚህ ቁጥር ደውሉ፤ ካልተነሣ ለአክስቴ ደውሉ፤ ተራራ ላይ ስሆን እስከ አራት ቀን አትጠብቁኝ» የሚል አንድ ወረቀት ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። በተግባር ሲታይም በጎንደር የሚቀመጠው ዘመድ ስልክ ቁጥር ከማንኛውም አፕሊኬሽን ይልቅ ጸንቶ የሚገኝ አድራሻ ነው።

ከጎንደር ወደ ውጭ

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው መንገደኛ ጥቂት ቃል ይገባዋል። ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከመተማ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ገላባት የሚዘልቀው መንገድ ለንግድም ለስደትም ነባር ነው። በእንዲህ ያለ ድንበር ላይ ስልክ ሳይሻገር ኔትወርኩ ሊሻገር ይችላል፤ የማዶው ማማ ሞገድ ከበረታ ስልኩ ባለቤቱን ሳያማክር ወደ እርሱ ይዞራል፤ ሮሚንግ ከተከፈተለትም ሒሳቡ በማዶው ዋጋ ይቆጠራል። ኔትወርክን በራሱ የሚመርጠውን ቅንብር አጥፍቶ በእጅ መምረጥ ለድንበር ነዋሪ የዕለት ጥንቃቄ ነው።

የማዶው ኔትወርክም ራሱ አስተማማኝ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን ሦስቱ ዋና ዋና ኔትወርኮች በጦርነቱ ምክንያት ሲጠፉ፣ በገላባት በኩል ያለ ሰው የራሱ አገር ሲም ከጥቅም ውጭ ሆኖበት ከኢትዮጵያ ማማ የሚመጣውን ሞገድ የሚፈልግበት ሁኔታ ተፈጠረ። በዚያን ሰሞን በአማራ ክልል በኩል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ነበር። በድልድዩ ሁለት ጫፍ የቆሙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በጦርነት ሌላው በአዋጅ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዓለም ተቆርጠው ነበር ማለት ነው፤ በዚህ በኩል የቀረው የድምፅ ጥሪ ብቻ ነበር።